ባሌ «በአንድ ዘንቢል ዓለም አይድንም» ይለኛል

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ፤ ዛሬ እኔም ልጽፍልዎት ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የቤቱን አስቤዛ የምገዛው እኔ ነኝ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ስለ አፈር መራቆት፣ ስለ ኬሚካል፣ ስለ ገበሬዎች ድካም ብዙ አነበብኩና “ቢያንስ እኔ የማወጣው ገንዘብ መሬቱን ለሚንከባከብ ገበሬ ይሂድ” ብዬ ወሰንኩ። መወሰኑ ቀላል ነበር፤ ሱቅ ስገባ ግን እደነግጣለሁ። አንዱ መደርደሪያ ላይ ኦርጋኒክ የሚል ምልክት ያለበት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ቲማቲም አለ። ሌላው ላይ ከቅርብ የመጣ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቲማቲም። የቱን ላንሳ? ባለፈው ወር ውድ ውዱን መርጬ ፍሪጁን ሞላሁት። ከዚያ ሥራ በዛብኝና ግማሹ እዚያው በሰበሰ። ስጥለው አለቀስኩ። ባለቤቴ “በአንድ ዘንቢል ዓለም አይድንም፣ ተይው” ይለኛል። አማቴ ደግሞ ሥጋ ስቀንስ ልጇን በረሃብ የምቀጣው ይመስላታል። እውነት ገንዘቤ ገበሬው ዘንድ ይደርሳል? ወይስ ራሴን እያሞኘሁ ነው?»

ባለ ዘንቢሏ

መልስ፦

እህቴ፣

ባለቤትሽ ልክ ነው። በአንድ ዘንቢል ዓለም አይድንም። ግን አንቺም ዓለምን ላድን አላልሽም። ያልሽው «ገንዘቤ ለማን ይሂድ?» ነው። ይሄ ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። እዚህ ላይ የሃምሳ ሎሚዋን ተረት እንድተርት ይጠበቅብኝ ነበር። አልተርታትም። እሱም ያውቃታል፤ ብትሠራ ኖሮ እስካሁን ትሠራ ነበር።

ከለቅሶሽ እንጀምር። የበሰበሰው አትክልት ያስለቀሰሽ በከንቱ አይደለም። ያ ገበሬ ያለ ኬሚካል ለማምረት አረሙን በእጁ ነቅሏል። ውሃ አጠጥቷል። አንድ ሰው ለቅሞታል፣ ሌላው ጭኖታል። መጨረሻው ቆሻሻ መጣያ ሆነ። መሬቱ ግን ድካሙን ደክሟል፤ ተበላም ተጣለም ለእሱ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 ብቻ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል ይላል። ሱቁ፣ ሆቴሉ ይመስልሻል አይደል? ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየሰው ቤት ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ በዓመት 79 ኪሎ ማለት ነው። የአንድ ጎልማሳ ሰው ክብደት የሚያህል ምግብ፣ በየቤቱ፣ በየሰዉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ስለ መግዛት ሳይሆን ስለ አለመግዛት ነው። በወር አንዴ ፍሪጅ መሙላቱን ተይው። ቶሎ የሚበላሸውን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ግዢ። ደረቁን ደግሞ በብዛት። ከቤት ከመውጣትሽ በፊት ፍሪጁን ከፍተሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። የሚያስቅ ነገር ይመስላል፤ እኔን ግን ሦስተኛ ጥቅል ካሮት ከመግዛት ብዙ ጊዜ አድኖኛል። «እስከዚህ ቀን ቢበላ ይመረጣል» የሚለውንና «ከዚህ ቀን በኋላ አይበላም» የሚለውንም ለይ። የመጀመሪያው ስለ ጣዕምና ስለ ጥራት ነው፤ ቀኑ አለፈ ተብሎ ምግቡ አይጣልም። ሁለተኛው ስለ ጤና ነው፤ እሱን አክብሪው። ኦርጋኒክ ገዝቶ ከመጣል ተራውን ገዝቶ መጨረስ ይሻላል። በዚህ አልደራደርም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ገንዘብሽ ገበሬው ዘንድ ይደርሳል ወይ?

አንድ ነገር ላጫውትሽ። ከዓመታት በፊት አንድ የሚያርስ ዘመዴን ልጠይቅ ሄድኩ። እርሻውን ሲያዞረኝ አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ነቀለና አፈሩን አራግፎ ሰጠኝ። ሥሩ ላይ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ እባጮች ተደርድረዋል። በሽታ መሰለኝ። ሳቀብኝ። አንዷን እባጭ በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰነጠቃት። ውስጧ ሮዝ ነው፤ ጥሬ ሥጋ ይመስላል። «አየሽ፣ ይሄ እየሠራ ነው። ውስጡ አረንጓዴ ወይ ግራጫ ከሆነ ሰንፏል ማለት ነው» አለኝ።

የሚሠራውን ልንገርሽ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ያለ ናይትሮጅን አያድግም፤ ግን ከአየር ላይ በቀጥታ መውሰድ አይችልም። በጥራጥሬ ሥር ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ይችላሉ። እነዚያ እባጮች ቤታቸው ናቸው። ተክሉ ስኳር ይመግባቸዋል፣ እነሱ ናይትሮጅን ይሰጡታል። ሮዝ የሚያደርጋቸው ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ንጥረ ነገር ነው። ነገሩን ጀርመናውያኑ ሄልሪገልና ቪልፋርት ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ነው። ገበሬዎች ግን «ከጥራጥሬ በኋላ የተዘራ እህል ያምራል» የሚለውን ከእነሱ ብዙ ሺህ ዘመን በፊት ያውቁት ነበር።

ጀርመኖቹን ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1909 ደግሞ ፍሪትዝ ሃበር የሚባለው ኬሚስት ይህንኑ ሥራ በማሽን ሠራው። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሳደገው። በ1913 ምርት ተጀመረ። ባክቴሪያው ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራውን ፋብሪካው የሚሠራው ከ400 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀትና እጅግ ከፍተኛ በሆነ ግፊት፣ ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ፈጅቶ ነው። ማዳበሪያን ልኮንን አይደለም። እሱ ባይኖር ዛሬ ከምድር ሕዝብ ግማሽ ያህሉን መመገብ አይቻልም ነበር። ችግሩ ከልክ ሲያልፍ ነው። ተክሉ ያልወሰደው ይታጠብና ወንዝና ሐይቅ ይገባል፤ ውሃው በአልጌ ይሸፈናል። ከፊሉ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ አየር ላይ ይወጣል። ይሄ ጋዝ መሬትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ270 ጊዜ በላይ ይበረታል።

ወደ ዘመዴ ልመለስ። «ታዲያ እንዲህ መሬቱን የሚያደልብ ከሆነ ለምን በየዓመቱ እያፈራረቅህ አትዘራውም?» አልኩት። ከጎናችን ያለውን ማሳ በአገጩ አሳየኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት እህል የተዘራበት ነው። «ማን ይገዛኛል?» አለ።

ያንን መልስ እስካሁን አልረሳሁትም። ገበሬው ሰብል ማፈራረቅ ጠፍቶት አይደለም። አንድ ሰብል በአንድ ቦታ ሲደጋገም ተባዩም በሽታውም አፈር ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ዓመት እንደሚጠብቅ ከእኔና ካንቺ በላይ ያውቃል። ሰብሉ ሲቀየር ተባዩ የሚበላው ያጣል፤ የሚረጨውም መድኃኒት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ያውቃል። ነጋዴው ግን መጥቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ነጋዴውን የሚጠይቀው ባለሱቅ ነው። ባለሱቁ የሚያዝዘው ባለፈው ሳምንት ያለቀለትን ነው። ያ ያለቀው እቃ ደግሞ አንቺ ዘንቢል ውስጥ ነው። ገበሬ የሚዘራው ባለፈው ዓመት የተሸጠለትን ነው። ዝናቡ የሰማይ ነው፤ ይሄኛው ግን የእኛ ነው።

ስለዚህ «ኦርጋኒክ ነው ወይ?» ከሚለው በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ የምገዛው መሬቱ ሊያበቅል ከሚገባው ሁሉ ነው ወይስ ከአንዱ ብቻ? የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳስቀመጠው፣ ሰው ለምግብ ከሚያመርታቸው 6,000 ገደማ የዕፅዋት ዝርያዎች ውስጥ ዘጠኙ ብቻ የዓለምን የሰብል ምርት 66 በመቶ ይሸፍናሉ። ዘጠኝ! የብዙዎቻችን አስቤዛ ደግሞ ዘጠኝም አይሞላ።

አንቺ ምን ታድርጊ? በየሳምንቱ ዘንቢልሽ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጥራጥሬ ይኑር። ባቄላ፣ ምስር፣ አተር፣ ሽምብራ፣ የቀናሽን። ከለመድሽው እህል ሌላ ደግሞ አንድ ሞክሪ። አትክልት ስትገዢ ዝርዝር ጽፈሽ አትሂጂ፤ የደረሰውን አይተሽ ግዢ፣ ከዚያ ምን እንደምትሠሪበት አስቢ። ይሄ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል። እኔን ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፤ በመካከሉ ቤተሰቤ ብዙ እንግዳ ነገር ቀምሷል። አንዳንዱን ባልቀመሱት ይሻል ነበር።

ከመጠኑ ይልቅ የሚጠቅመው መደጋገሙ ነው። አንድ ቀን ተነሥቶ ዘንቢል ሙሉ ውድ ነገር መግዛት ለገበሬው ዜና አይሆንም። በየሳምንቱ፣ ከዚያው ሻጭ፣ ያንኑ ግማሽ ኪሎ ምስር መግዛት ግን ይሆናል። ሻጩ ይቆጥርሻል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቤት እመቤቶች በዚህ ጉዳይ ተሰባስበው ከገበሬዎች ጋር በቀጥታ ተዋዋሉ፤ ገበሬው ያመረተውን ሊወስዱ ቃል ገቡ። አሠራሩን «ቴይኬይ» ይሉታል። ኋላም በሌሎች አገሮች ወቅቱ ሳይገባ ገንዘብ ለገበሬው አዋጥቶ፣ በየሳምንቱ የደረሰውን ድርሻ መቀበል ተለመደ። በረዶ ከመታው ሁሉም ይጎድልበታል፤ ሲሰምር ሁሉም ይተርፈዋል። በአካባቢሽ እንዲህ ያለ ነገር ካለ ግቢበት። ከሌለ ደግሞ ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ ከአንድ አምራች በጋራ መግዛት ትችላላችሁ። ለዚህ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፣ የስልክ ቁጥር መለዋወጥ ይበቃል።

«ይደርሳል ወይ?» ላልሽው ደግሞ አንድ ቁጥር ልስጥሽ። አሜሪካኖች ይህንን በየዓመቱ ያሰላሉ፤ ሸማቹ ለምግብ ከሚያወጣው አንድ ዶላር ውስጥ ገበሬው እጅ የሚገባው 15 ሳንቲም ገደማ ነው። ቀሪው ማቀነባበሪያ፣ ማሸጊያ፣ መጓጓዣ፣ ሱቅ፣ ምግብ ቤት እያለ ይበተናል። ነጋዴውን ሌባ ለማለት አይደለም፤ መኪናም ነዳጅ ይጠጣል፣ ሠራተኛም ደመወዝ ይፈልጋል። ግን ከዚህ አንድ ነገር ትረጂያለሽ። ምግቡ በበዛ እጅ ባለፈና በተቀነባበረ ቁጥር ካንቺ ገንዘብ ገበሬው የሚያገኘው ይሳሳል። ጥሬውን ባቄላ ገዝተሽ ራስሽ ስትቀቅይው ድርሻው ይሰፋል። ማስታወቂያ ለተሠራለት፣ ሦስት ጊዜ ለታሸገ ብስኩት ስትከፍዪ ግን የምትከፍዪው በአብዛኛው ለካርቶኑ ነው።

ሻጩን ጠይቂው። «ኦርጋኒክ ነው?» ብለሽ ከጠየቅሽው «አዎ» ይልሻል፤ ምን እንዲልሽ ትፈልጊያለሽ? ይልቅ «ከየት መጣ? እነሱ ከዚህ ሌላ ምን ያመርታሉ? አሁን በብዛት የደረሰው ምንድን ነው?» በይው። እኔን አንዱ ሻጭ «እመቤቴ፣ ቲማቲም እንጂ የዘር ሐረግ አልሸጥም» ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን በሦስተኛው ሳምንት ሳልጠይቀው «ይሄ ከወንዝ ማዶ ካለው ሰውዬ ነው፣ እሱ ሽንኩርትም አተርም አለው» አለኝ። ጠይቆ ነበር ማለት ነው። አየሽ፣ ጥያቄው እርሻው ድረስ ሄደ።

ምልክቶቹን ደግሞ እንያቸው። ማኅተሞች ውሸት አይደሉም፤ ሁሉን ነገር ግን አይናገሩም። በሕግ የሚተዳደር የኦርጋኒክ ምልክት፣ ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ግዴታ ያደረገው አረንጓዴዋ ቅጠል፣ ከጀርባው ተቆጣጣሪ አለ። ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያና አብዛኛው ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ አልገባበትም ማለት ነው። «ምንም አልተረጨበትም» ማለት ግን አይደለም። ከተፈጥሮ የተገኙ አንዳንድ መርጫዎች ይፈቀዳሉ፤ መዳብ እንኳ በገደብ ይረጫል። ገበሬው ሠራተኛውን በአግባቡ ይከፍለዋል ወይ የሚለውንም ያ ቅጠል አይነግርሽም። እሱን ለማወቅ ሌላ ምልክት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ሆላንድ ውስጥ የተጀመረው የፍትሐዊ ንግድ ማኅተም። ገበያው ሲወድቅ እንኳ ለብዙ ምርቶች ከዚህ በታች አይከፈልም የሚባል ወለል አለው፤ ገበሬዎቹ በማኅበራቸው የሚወስኑበት ተጨማሪ ክፍያም አለው። ቡና፣ ኮኮዋ፣ ሙዝ የመሳሰለውን ከሩቅ የሚመጣ ነገር ስትገዢ ይህን ማኅተም ብታዪ አይከፋም፤ እዚያ ሄደሽ ገበሬውን ልትጠይቂው አትችይማ።

«ተፈጥሯዊ»፣ «ንጹሕ»፣ «ከገበሬው እጅ»፣ «አረንጓዴ» የሚሉትን ቃላት ግን እለፊያቸው። በብዙ ቦታ ማንም ተነሥቶ ሊጽፋቸው ይችላል። ቅጠልና ጸሐይ የተሳለበት ካርቶን ካየሽ ሠዓሊው ጎበዝ ነበር ማለት ነው፤ ሌላ ምንም ማለት አይደለም።

ደግሞ ተቃራኒውንም አትርሺ። ምልክት የሌለው ሁሉ መርዝ የረጨ አይደለም። የምስክር ወረቀት ገንዘብ ያስከፍላል፣ ጽሕፈት ይበዛዋል። ሁለት ሄክታር የማይሞላ መሬት ያለው ሰው፣ አያቱ እንዳረሱት ቢያርስ እንኳ፣ ማኅተሙን የሚገዛበት አቅም ላይኖረው ይችላል። ለዚህ ነው በአንዳንድ አገሮች ገበሬዎችና ሸማቾች ራሳቸው እርሻ ለእርሻ እየዞሩ እርስ በርስ የሚመሰካከሩበት አሠራር የተፈጠረው። ርካሽም ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መሸወድም ይከብደዋል።

ኦርጋኒክ ራሱ መፍትሔ ነው ወይ ለሚለው የእኔ ሐሳብ «ለብቻው አይደለም» ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትልቅ የንጽጽር ጥናት፣ እንደየሰብሉና እንደየቦታው የኦርጋኒክ ምርት ከተለመደው እርሻ ከ5 እስከ 34 በመቶ ሊያንስ እንደሚችል አሳይቷል። ስሪላንካ በ2021 ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ እንዳይገባ በድንገት ከለከለች። ገበሬው አልተዘጋጀም፣ ኮምፖስቱም በቂ አልነበረም። የሩዝ ምርት ወደቀ፣ አገሪቱ ሩዝ ወደ መግዛት ሄደች፤ ክልከላው ዓመት ሳይሞላው ላላ። መሬት በአዋጅ አይለወጥም። ዓመታት ይወስዳል፤ በእነዚያ ዓመታት ደግሞ ገበሬው የሚገዛው ሰው ይፈልጋል። ማዳበሪያ የሚጠቀም ግን ልኩን የሚያውቅ፣ ሰብል የሚያፈራርቅ ገበሬ ባገኝ ያለ ማኅተሙ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ።

የሁለቱ ቲማቲም ነገር። መልሴ አጭር ነው፦ ወቅቱ ከሆነ የቅርቡን ውሰጂ። ወቅቱ ካልሆነ ሁለቱንም ተያቸው፣ ሌላ አትክልት አይጠፋም። ምክንያቱ ግን አንቺ እንደምታስቢው ርቀቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ፑርና ኔሜቼክ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ119 አገሮች ካሉ 38,700 ገደማ እርሻዎች የተሰበሰበ መረጃ ይዘው አንድ ጥናት አሳትመዋል። ምግብ ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የመጓጓዣው ድርሻ 6 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የሚከብደው እርሻው ላይ የሚሆነው ነው። መርከብ ብዙ ጭኖ በትንሽ ነዳጅ ይሄዳል። አውሮፕላን ግን ያንኑ ኪሎ ለመውሰድ የመርከብን ሃምሳ እጥፍ ገደማ ይበክላል፤ በአውሮፕላን የሚመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚበላሹት፣ እንደ እንጆሪና እንደ ትኩስ ፎሶሊያ ያሉት ናቸው። ከቅርብ የመጣ ሆኖ በብርድ ወቅት በጋዝ በሚሞቅ ግሪን ሃውስ የበቀለ ቲማቲም ደግሞ ከሩቅ፣ በፀሐይ ከበቀለው የባሰ ሊሆን ይችላል። የቅርቡ ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ሻጩን መጠየቅ ትችያለሽ። ሻጩም ገበሬውን።

መልከ ጥፉውን አትናቂ። ጠማማ ካሮት፣ ጎባጣ ዱባ፣ ትንሽ የተላጠ ድንች። እነዚህ እርሻ ላይ እየቀሩ የሚበሰብሱት ስለማይበሉ አይደለም፣ ሸማቹ ስለማያነሳቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እስከ እ.ኤ.አ. 2009 ድረስ አንደኛ ደረጃ ኪያር በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም የሚል ደንብ ነበረው። ማስመሪያ ይዞ ኪያር የሚለካ ሰው በዓይነ ኅሊናሽ ሳይው። ደንቡ ቀረ፤ ዓይናችን ግን እስካሁን ይለካል። ቆዳው ላይ ጠባሳ የሌለበት ፖም የምንፈልገው እኛ ነን፤ ገበሬው አንድ ጊዜ ተጨማሪ የሚረጨው ለእኛ ዓይን ሲል ነው።

ወደ አማትሽ። ይሄ ከሁሉም ይከብዳል፣ ሳይንሱ ግን ቀላል ነው። በዚያው የ2018 ጥናት መሠረት ለሥጋ ተብሎ ከሚረባ ከብት የሚገኝ አንድ ኪሎ ሥጋ በአማካይ ወደ 100 ኪሎ የሚሆን የሙቀት አማቂ ጋዝ ያስከትላል፤ አንድ ኪሎ አተር 1 ኪሎ ገደማ። ከብት ሁሉ ጠላት ነው ማለቴ አይደለም። ፍግ የሚሰጥ፣ ለእርሻ በማይሆን ሣር ላይ የሚግጥ ከብት የገበሬው ባንክም ማዳበሪያም ነው። የሚያስከፋው በብዛት፣ በርካሽ፣ በየቀኑ መብላታችን ነው።

ግን እህቴ፣ ይህን ቁጥር ለአማትሽ እንዳትነግሪያት! «ሥጋ ቀነስኩ» የሚለውንም ቃል ጨርሶ አታንሺ። ማንም ሰው ከገበታው ላይ ተቀነሰብህ መባል አይወድም። የተፈጨ ሥጋ ስትሠሪ ግማሹን በተቀቀለ ምስር ተኪው። ሽንኩርቱን በደንብ አብስይው፣ ነጭ ሽንኩርት አትሰስቺ፣ ዘይቱም ትንሽ ይብዛ። ዝም ብለሽ አቅርቢ። ካመሰገነች ዝም፣ ካላመሰገነችም ዝም። በሳምንት ሁለት ቀን እንዲህ ካደረግሽ ትምህርት ሳትሰጪ አለፍሽው። ሥጋ ስትገዢ ደግሞ ትንሽ ግን ጥሩውን፤ እሷም ይሄኛውን ትወደዋለች፤ የድሮ ሰው ጥሩ ሥጋ ያውቃል።

ስለ ዋጋ አልጠየቅሽኝም፣ ግን በደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ሁሉንም ውድ አታድርጊው። አንድ ወይም ሁለት ነገር ምረጪ፤ ቤታችሁ በብዛት የሚበላውን። ለእሱ ደህና ክፈዪ፣ ሌላውን እንደ አቅምሽ። ትርፉን ከየት አመጣለሁ ካልሽ ካልበሰበሰው ነው። ጥራጥሬ ከሥጋ ስለሚረክስ ከዚያም ይተርፍሻል።

ባለቤትሽን ደግሞ አትከራከሪው። ቅዳሜ ዘንቢሉን ስጪውና እሱ ይሂድ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ ይምጣ፤ «አሁን በብዛት የደረሰው ምንድን ነው?»። የተባለውን ይግዛ፣ ምንም ይሁን ምን። ሲመለስ ስለ ሻጩ ሲያወራልሽ ታገኚዋለሽ፤ ወንዶች እንዲህ ናቸው፣ ራሳቸው የጠየቁት ነገር ግኝት ይሆንባቸዋል።

ባቄላ ይዞ ከመጣ ማታውኑ ዘፍዝፊው። ብዙ ውሃ አድርጊበት፣ እጥፍ ይሆናል። ጠዋት የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ድፊና በአዲስ ውሃ ቀቅይው። ጨውን ከፈለግሽ ከመጀመሪያው ጨምሪ፣ «ያደርቀዋል» የሚሉሽን አትስሚ። ቲማቲሙን ግን መጨረሻ ላይ፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ባቄላው ቶሎ አይበስልልሽም።